ለአንድ በር የሚበቃ ቀለም

ሮቤ ከፈረስ ጋሪ ማቆሚያው ተነስታችሁ ወደ ገበያው ስትሄዱ በግራ በኩል ያሉትን የሱቅ በሮች ጠዋት፣ ፀሐይ በጎን ስትመታቸው እዩአቸው። ቀን ላይ ምንም አይታይባቸውም፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ ላሜራዎች ናቸው። ጠዋት ግን ከቀለሙ ሥር ፊደል ብቅ ይላል። ተደርቦ ተቀብቶበታል፣ እብጠቱ ግን አልጠፋም። ያ የእኔ የእጅ ጽሕፈት ነው። እንዴት እንደተጻፈ እነግራችኋለሁ። ከተማው ውስጥ የሚወራው ሌላ ነው፤ በሚወራው ውስጥ እኔ ጥሩ ሰው ነኝ።

ሥራዬ የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ነው። ትምህርቴን ካቋረጥኩ በኋላ ብሩሽ መያዝ የቻልኩት በራሴ ነው፤ ግጥምም እንዲሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም እጽፋለሁ፣ ለጓደኞቼ በስልክ እልካለሁ፣ ይስቁብኛል። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። አንድ ሳምንት አጋርፋ ምግብ ቤት ስቀባ፣ ሌላ ሳምንት ጎባ የወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ እንጠለጠላለሁ። ሆኖም ዓይን አለኝ። የማን ሱቅ በር በየትኛው ማጠፊያ በኩል እንደዛገ፣ የየትኛው ጋሪ ፈረስ በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ አውቃለሁ። በዓይኔ እኮራ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬን የሰጡኝ ጋሽ ሰይፉ ናቸው። ፎቶ ቤት ነበራቸው። ከደንበኞቹ ጀርባ የሚሰቀል ትልቅ ጨርቅ አምጥተው የሳነቴን ተራራና አንድ ቀይ ቀበሮ ሥራበት አሉኝ። ተራራው ተሳካ፣ ቀበሮው ግን ውሻ ሆነ። ጨርቁን እንደገና ልሠራ ብል እምቢ አሉ። «ተወው፣ ሲያዩት ይስቃሉ። ሰው እንዲስቅ እየለመንኩ ጉሮሮዬን አደርቅ ነበር፣ ገላገልከኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሮቤ ሙሽራ ሁሉ፣ ተመራቂው ሁሉ፣ ሐጅ የሚሄደው ሽማግሌ ሁሉ ከእኔ ውሻ ፊት ቆሞ እየሳቀ ፎቶ ተነሳ። ሳቃቸው በመስኮቱ መስታወት ላይ ተደርድሮ ነበር፤ ሰው ሲያልፍ ቆም ብሎ ራሱን ይፈልጋል።

ጋሽ ሰይፉ ጎባ ነው የተወለዱት። ኦሮምኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ የእኔ ከአማርኛ ጋር ይደባለቃል፣ የእሳቸው አይደባለቅም። የአማራ ልጅ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግን የምናውቀው አንድ ሰው ግራኝ መሆኑን በምናውቅበት መንገድ ነበር። ማንም ቁጭ ብሎ አስቦት አያውቅም።

ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ ክፉ ወሬ መጣ። ወሬው ከመጣራቱ በፊት ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የጎደለውን ከራሱ ሞላበት። የሻሸመኔ መንገድ ተዘጋ። ጋሪዎቹ ቆሙ። ለእኛ ሰፈር ልጆች ሥራ ከጠፋ ቆይቷል፣ ወሬ ግን ጠፍቶ አያውቅም፤ መንገድ ዳር እየተሰበሰቡ ማን ምን እንደሠራ ይቆጥራሉ። ሙክታር ከመካከላቸው ነበር። ሙክታር ጓደኛዬ ነው፣ የማድርበት ግቢ ባለቤት የአዴ ዘይነባ ልጅ፤ አዴ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ታላቅ ወንድሙ ሁሴን የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከወራት በፊት ሩቅ አገር መንገድ ላይ የማያውቋቸው ሰዎች መኪናቸውን አስቁመው በምን ቋንቋ እንደሚናገር ጠየቁት፣ መለሰ፣ ገደሉት። የገደሉት ሰዎችም በወቅቱ የራሳቸውን ሟች እየቆጠሩ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ለሙክታር ይህ ምንም አይለውጥለትም፤ ወንድሙ ሃያ ዓመት እንኳ በወጉ አልሞላውም ነበር።

በዚያ ጠዋት ጣሳዬንና ብሩሼን ይዤ ወደ ሥራ ስሄድ ሐጂ ከድር ጠሩኝ። ሸቀጣሸቀጥ ነጋዴ ናቸው። ሱቁን የገዙት ከሌላ ሰው ነው፤ የድሮው ባለቤት ስም ደንበኛ ስለሚጠራ ከበሩ በላይ ትተውት ነበር። አሁን ያ የአማራ ስም አስፈራቸው። ልጆቹ ቢመጡ የሰውየው መስሏቸው እንዳያቃጥሉብኝ፣ የእኔን ስም በበሩ ላይ በትልቁ ጻፍልኝ አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና ከስሙ ሥር «ካን ኦሮሞ» በልበት አሉ። የኦሮሞ ነው ማለት ነው። «ሰው አንብቦ ይለፍ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጻፍኩ። ምን ክፋት አለው? እውነት ነው፣ ሱቁ የሳቸው ነው። ጎረቤታቸው የመድኃኒት መደብር ያለው ሰውዬ አየና የእኔም ላይ አለ። ከዚያ ጫማ ሻጩ መጣ፣ ከዚያ የጨርቅ ነጋዴዋ፣ ከዚያ የሞባይል ጠጋኙ። ሁሉም ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ማንንም ሊጎዱ አልፈለጉም፣ የራሳቸውን በር ነበር የሚያስቡት። ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሸጋገርኩ ጻፍኩ። ስሜን እየጠሩ ይለምኑኝ ነበር፤ ጀማል ቶሎ በል፣ ጀማል የእኔን አትርሳ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ጽሑፌን ፈልጎ አያውቅም። ፊደሎቹን አሳመርኳቸው። የላቲኑን ኦ ክብ በአንድ ትንፋሽ አዞርኩ። ይህን የምነግራችሁ ደስ ብሎኝ እንደነበር እንድታውቁ ነው።

ጋሽ ሰይፉ ከበራቸው ወጥተው እጃቸውን ኋላ አጣምረው ያዩኝ ነበር። እየጻፍኩ ስመጣ የእሳቸው በር ተራው ደረሰ።

«የእኔ ላይ ምን ትጽፋለህ?» አሉኝ። «ውሻህን ሳልበት እንጂ።»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ቀረብ አሉና በኦሮምኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ስሜን ተወው፣ ዝም ብለህ እንደ ሌሎቹ አድርግልኝ አሉ። የእኔን ዕድሜ ያክል እዚያ መንገድ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲለምኑ አይቻቸው አላውቅም። ሲለምኑ ዓይናቸው እጄ ላይ ነበር እንጂ ፊቴን አላዩም።

ሙክታር ከፎቶ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከአጠገቡ ሌሎች ልጆች ነበሩ። አልጮኸም። እንደ ቀልድ አድርጎ ነው ያለው።

«ውሸት ልትጽፍ ነው እንግዲህ፣ ገጣሚው?»

ልጆቹ አዩኝ። ከኋላዬ ደግሞ ወረፋ የሚጠብቁ ነጋዴዎች አሉ፤ እነሱም እጄን ያዩ ነበር። መልስ ነበረኝ። ጎባ የተወለደ ሰው የባሌ ሰው ነው ማለት እችል ነበር። ዝም ብዬ ብሩሼን መንከር እችል ነበር፤ በኋላ የሚመጣው ዱላ ቢመጣም በእኔ ነበር የሚመጣው። የመጣልኝ ግን ሌላ ነው።

«ቀለም አለቀ፣ ጋሽ ሰይፉ።»

ጣሳው እጄ ላይ ነበር። ስንቀሳቀስ የሚወዛወዘው ቀለም ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ሰይፉ ጣሳውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ቀለሙ የሚንቦጫረቀውን ያህል ጊዜ ብቻ።

«እሺ» አሉ። «እሺ የኔ ልጅ፣ ሌላ ቀን።» በራቸውን ከፍተው ገቡ።

ቀለም አለቀ ካልኩ በኋላ ለሌሎቹም መጻፍ አልቻልኩም። ከፎቶ ቤቱ ወዲያ ያሉት ሁለት ሱቆች የሐጂ ከድር ዘመዶች ናቸው፤ ራሳቸው ኖራ በጣታቸው እየነከሩ ጻፉ። እኔ መንገዱን ተሻግሬ ማዶ ካለው የእህል መጋዘን ጥላ ሥር ቆምኩ። ያን ጊዜ ነው ዞሬ መንገዱን ያየሁት።

ያ የምኮራበት ዓይኔ ዘግይቶ ነው የሠራው። በሮቹ በሙሉ ነጭ ተጽፎባቸው ከዳር እስከ ዳር ተደርድረዋል። በመካከላቸው አንድ በር ባዶ ነው። ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስል ነበር። ከየትም ብትመጡ፣ ማንንም ባታውቁ፣ መጀመሪያ የምታዩት ያንን ክፍተት ነው። የጻፍኩት በአሥራ ምናምን በሮች ላይ ነበር፤ የተናገርኩት ግን ስለ አንዱ በር ብቻ ነው።

ብሩሼን ይዤ ልመለስ አስቤ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አስቤ ነበር። ልጆቹ እስኪበተኑ ልጠብቅ አልኩ። ጠበቅኩ።

ከሰዓት በኋላ አይሱዙ መኪና መጣ። ከኋላው ቆመው የመጡት ልጆች የእኛ ሰፈር ልጆች አልነበሩም፤ ከየት እንደመጡ ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። ዱላ የያዘ አለ፣ ምንም ያልያዘ አለ፤ አንዱ የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሷል። የእኛዎቹ ልጆች ተቀላቀሏቸው፣ አብዛኞቹ ለማየት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የመጡት ልጆች የሮቤን ሱቅ ከሱቅ አይለዩም ነበር። የሐጂ ከድርን በር የጋሽ ሰይፉ ነው ብትሏቸው ያምኑ ነበር። ከመኪናው የወረደ አንድ ልጅ ሙክታርን ሲጠይቅ ሰማሁ፤ የማነው፣ የትኛው ነው እያለ። ሙክታር አልመለሰም፤ መሬት መሬት ያይ ነበር። መመለስም አላስፈለገውም። ልጁ ቀና ብሎ በሮቹን በተራ አነበበ። የእኔን ጽሕፈት እያነበበ መጥቶ ያልተጻፈበት ላይ ቆመ።

መስታወቱ መጀመሪያ ነው የተሰበረው። ሙሽሮቹና ተመራቂዎቹ መንገድ ላይ ተበተኑ። ከዚያ አንዱ የተቀጣጠለ ነገር ወደ ውስጥ ወረወረ። ጋሽ ሰይፉ ውስጥ እንዳሉ እኔ አውቃለሁ፤ ላሜራውን ከውስጥ አውርደው ነበር። ፎቶ ቤቱ የኋላ በር የለውም።

ሮጥኩ። ከተማው የሚያወራው እዚህ ላይ ነው። ጀማል ሮጦ ሴቶቹን ጠራ ይላሉ። ሴቶቹን ለመጥራት አልነበረም የሮጥኩት። ወደ ቤቴ ነው የሮጥኩት፣ በሬን ልዘጋ። አዴ ዘይነባ ግቢው መካከል ቆመው ጭሱን እያዩ ነበር። መንገዴን ዘጉብኝና የማነው አሉ። ነገርኳቸው። ሰውየው የት ነው አሉ። ውስጥ ናቸው አልኩ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም፤ ወደ ቤት ገብተው ስንቄያቸውን ይዘው ወጡ።

ስንቄ ያገባች ሴት በሠርጓ ቀን የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ሴቶች እሱን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ከቆሙ ማንም አልፎ አይማታም። በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ በበዓል ቀን ካልሆነ ሲወጣ አላየም። አዴ ዘይነባ ከግቢያቸው ሲወጡ እልል አሉ፤ የደስታ እልልታ አልነበረም፣ የጥሪ ነው። ከየግቢው ሴቶች በትራቸውን ይዘው ወጡ። አንዷ ሊጥ የነካ እጇን እንኳ አልታጠበችም። ከኋላቸው ተከተልኩ፣ ምክንያቱም ብቻዬን መቅረትም ፈራሁ።

ሴቶቹ በልጆቹና በበሩ መካከል ገብተው በትሮቻቸውን አጋደሙ። ከመኪና የወረደው ልጅ የሆነ ነገር ሊናገር ጀመረ። አዴ ዘይነባ ስንቄያቸውን እግሩ ሥር መሬት ላይ አኖሩት።

«እኔ የሁሴን እናት ነኝ» አሉ። «ልጄን ገድለውብኛል። ለልጄ የሚበቀል ካለ መጀመሪያ ይህችን ይርገጣት።»

ሙክታርም ዱላ ይዞ ከልጁ ኋላ ነበር። መጀመሪያ ዱላውን የጣለው እሱ ነው። ከዚያ ሌሎቹ አፈገፈጉ። በትሯን የረገጠ የለም። እሳቱ ግን በትር አያውቅም፤ ጨርቆቹን ይዞ ነበር።

ላሜራው ከውስጥ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ። የጋለውን ብረት በባዶ መዳፋቸው ነው ያነሱት። ጋሽ ሰይፉ እያሳሉ ወጡ፤ ከኋላቸው ተራራዬ ሲነድ ይታየኛል። ሁለት እርምጃ ሄዱና አዴ ዘይነባን ሲያዩ ቆሙ። የሆነ ነገር ትዝ አላቸው። አዴ ዘይነባ ሁሴን ለመታወቂያ የተነሳውን አንዲት ጉርድ ፎቶ አሳድጉልኝ ብለው ሰጥተዋቸው ነበር፤ ሌላ ፎቶ የለውም። ጋሽ ሰይፉ «የልጁ ፎቶ…» ብለው ወደ ውስጥ ዞሩ።

አዴ ዘይነባ ኮታቸውን ያዙ።

«ዲሲ» አሉ፤ «ኮቱ።»

ተዉት፣ ይምጡ ማለታቸው ነው። ጣሪያው ሲወርድ ወደዚያ እንኳ አላዩም፤ ጋሽ ሰይፉን በበትሮቹ መካከል ይዘው ወደ ግቢያቸው ሄዱ።

ከመንገድ እንዳይታዩ ከጓሮ ባለችው የእኔ ክፍል እንዲቆዩ ተደረገ። አዴ ዘይነባ መዳፋቸውን ማር ቀቡላቸው፣ በነጠላ ቁራጭ ጠቀለሉላቸው፣ አልጋዬ ላይ አስተኟቸው። ጣሳው ከዚያው አልጋ ሥር ነበር። ቀን ላይ፣ መኪናው ሳይመጣ፣ ልብስ ልቀይር ገብቼ ወደ ውስጥ ገፍቼው ነው የወጣሁት፣ ክዳኑን እንኳ በደንብ አልዘጋሁትም። ወለል ላይ ተጋድሜ የቀለም ሽታ ይሸተኛል። የእሳት ሽታ በልብሳቸው ላይ አለ፣ ከሥሩ ግን ያ የዘይት ሽታ። እሳቸውም እንደሚሸታቸው አውቃለሁ። ሲገላበጡ ሁሉ አሁን ይናገራሉ እላለሁ። ስለ እግሬ ብርድ ጠየቁኝ። ብርድ ልብሱን ለሁለት እንካፈል አሉ። ስለ ቀለም አልጠየቁም።

ልናገር አፌን የከፈትኩበት ጊዜ ነበር። ግን በዚያ ሰዓት ይቅርታ ብጠይቃቸው የምጠይቀው መድረሻ ከሌለው ሰው ነው። ከእኔ ክፍል ወጥተው የሚሄዱበት የላቸውም። ይቅር ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አላቸው ብዬ ዝም አልኩ። ወይም ለዝምታዬ ይህንን ሰበብ አገኘሁለት፤ ሰበብ ማግኘት እችልበታለሁ።

በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ጋሽ ሰይፉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸውን ሲፈልጉ ነው መሰለኝ፣ ጣሳው በእግራቸው ተስቦ ወጥቶ መካከላችን መሬት ላይ ቆሟል። ክዳኑ በጎን ወድቋል። በቀለሙ ላይ ስስ ቆዳ ጀምሯል፣ ከሥሩ ግን ነጭ ነው፣ እርጥብ ነው። ዳቦውን ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። የተጠቀለሉት እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ነበሩ።

«ክዳኑን በደንብ ግጠመው፣ ጀማል» አሉ። «ይደርቅብሃል።»

ተንበርክኬ ክዳኑን በመዳፌ ገጠምኩት። ዙሪያውን ሁሉ ተጫንኩት። ከዚያ ዳቦውን ቆርሼ በእጄ አጎረስኳቸው፣ ምክንያቱም መያዝ አይችሉም ነበር። በሉ። መንገዱ ሲረጋጋ ሐጂ ከድር በራሳቸው መኪና ጎባ፣ የጋሽ ሰይፉ እህት ቤት አደረሷቸው። ሐጂ ከድር ሲሰናበቱ አለቀሱ፤ እኔ ግን አላለቀስኩም፣ ዕቃ ስጭን ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በአጭሩ ልጨርስ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው በሮቹ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዲጠፋ ተወሰነ፤ የቀባሁት እኔ ነኝ። በስብሰባው ላይ ሴቶቹን የጠራ ልጅ ተብዬ አስነሱኝ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ስለ አንድነት ግጥም አንብብ ተባልኩ። አዴ ዘይነባ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ያዩኝ ነበር፤ ወዴት እሮጥ እንደነበር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ያም ውሸት ነበር።

ሙክታር አንድ ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጣ። የወንድሙን መልክ ለእናቱ እንድስልላቸው ፈለገ። ዓይን አለህ፣ ታስታውሰዋለህ አለ። ሞከርኩ። ቅንድቡን አስታውሳለሁ፣ የፊት ጥርሱን አስታውሳለሁ፣ አንድ ላይ ግን አልመጣም። ቀበሮን ውሻ ያደረገ እጅ ነው። ሙክታር ወረቀቱን ብዙ አየው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ያኔ ባልናገር ኖሮ ትጽፍለት ነበር?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። በጥያቄው ውስጥ ለእኔ መውጫ ነበረበት፤ ጥፋቱን ከእኔ ላይ ሊያነሳ ነበር። ልወስደው ፈለግሁ፣ አልወሰድኩትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች በየከተማችሁ የየራሳችሁ መንገድ አላችሁ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የሚቃጠል ሁሉ በጥላቻ ብቻ ይቃጠላል ብዬ አስብ ነበር። እኔ ያየሁት ግን የፈሩ ጨዋ ሰዎችን ነው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን በር ሲያድኑ ያልዳነውን በር ለማያውቀው ሰው አሳዩት። የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ስለ ሌሎቹ ለመፍረድ አልችልም። ስለ ራሴ ግን የተጠየቅኩትን አውቃለሁ፤ የተጠየቅኩት ሁለት ቃል ነበር።

ባለፈው ሰሞን ጎባ ሄጄ ነበር። ጋሽ ሰይፉ መንገድ ዳር፣ ከአንድ አጥር ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረው የመታወቂያ ፎቶ ያነሳሉ። ካሜራውን የሚይዙት በሁለት መዳፍ መካከል አጣብቀው ነው፤ ጣቶቻቸው በደንብ አይታጠፉም። ከፊታቸው የተቀመጠችው ልጅ ኮስተር ብላለች፣ እሳቸው ሊያስቋት ይለፋሉ። ከኋላዋ ያለው አንሶላ ባዶ ነው። ማዶ ቆሜ ብዙ አየኋቸው፣ ከዚያ በባጃጅ ወደ ሮቤ ተመለስኩ።

ጣሳው አሁንም አልጋዬ ሥር ነው። አልፎ አልፎ አውጥቼ እከፍተዋለሁ፤ ደርቆ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። በደንብ ስለገጠምኩት ነው መሰለኝ፣ አልደረቀም። ለአንድ በር ይበቃል።